የጅማ መርካቶ ታፔላዎች

በጅማ ከተማ ውስጥ ሂርማታ መርካቶ ተብሎ የሚጠራ ሰፈር አለ። ስሙን ሰምቶ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው፤ ቆም ብሎ ለሚያደምጠው ግን ይህ ስም ራሱ በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት የንግድ ሰሌዳዎችን ይመስላል። ሂርማታ የሚለው ቃል የዛሬይቱ ከተማ ከመሠራቷ በፊት በሥፍራው ይቆም የነበረው የታላቁ ገበያ ስም ሲሆን፥ መርካቶ የሚለው ደግሞ ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ጅማ ከገቡ በኋላ ገበያን በራሳቸው ቋንቋ የጠሩበት ቃል ነው። የኋለኛው ስም የፊተኛውን ሊሸፍነው መጣ፤ ነገር ግን አልሸፈነውም። የፊተኛውም የኋለኛውን አላባረረውም። ሕዝቡ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠራቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በአሮጌ ሰፈር ባለ አሮጌ ቤት ላይ የተሰቀለ የንግድ ሰሌዳ ወርዶ በምትኩ ሌላ ሲሰቀል ምን ይገኛል? ምንስ ይጠፋል? በነገሩስ ላይ አዛዡ ማን ነው? የሚል ነው። የነገሥታትን ሥራ ዜና መዋዕል ጽፎታል፤ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድን ነገር ካህናቱና ሼሆቹ ጠብቀውታል፤ የገበያ ታሪክ ግን ይህን ያህል ጸሐፊ አላገኘም። ነጋዴ ሂሳቡን የሚጽፍበት ደብተር ሲሞላ ይጣላል፥ ወይም ሱቁ ሲዘጋ አይጥ ይበላዋል። ስለዚህ ገበያ ስለ ራሱ ለሁሉ ዐይን በግልጥ የጻፈው ነገር ቢኖር፥ ያ በየበሩ አናት ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው።

ሕዝባችን ይህን ሰሌዳ ታፔላ ይለዋል። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። የገበያችንን ቃላት አንድ በአንድ ያነሣን እንደ ሆነ ማን መጥቶ ማን እንደ ሄደ ቃላቱ ራሳቸው ይነግሩናል። ሱቅ ዐረብኛ ነው፤ ባንኮኒ ኢጣልያንኛ ነው፤ መጋዘን ከዐረብ ተነሥቶ የአውሮፓን ወደቦች ከዞረ በኋላ ወደ እኛ የደረሰ ቃል ነው፤ የጅማ ሰው ቡናውን የሚመዝንበት ፈረሱላም፥ አሥራ ሰባት ኪሎ የሚሆነው፥ የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ይዘውት የመጡት ሚዛን ነው። እነዚህን ቃላት ያመጡአቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሄደዋል፤ ሰሌዳዎቻቸውም ወርደዋል። ቃላቱን ግን ከአንደበት የሚያወርድ መሰላል አልተገኘም።

ከጽሕፈት በፊት የነበረውን ዘመን አስቀድመን እንመልከት። ከጊቤ ወንዝ ማዶ ከነበሩት ከአምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት፥ ማለት ከሊሙ እናርያ፥ ከጎማ፥ ከጉማ፥ ከጌራና ከጅማ መካከል፥ በመጀመሪያ በንግድ ስሟ የገነነው ሊሙ እናርያ ነበረች። በአባ ባጊቦ ዘመን ሳቃ የሚባለው ገበያዋ ከጎንደርና ከምጽዋ ድረስ የሚመጡ ቅፍለኞች የሚያርፉበት ነበር። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ በ1835 ዓ.ም. ግድም እስከዚያ ድረስ ዘልቆ ያየውን ጽፏል። ኋላ የሊሙ ኀይል ሲደክም የጅማ ኀይል በረታ፤ ንግዱም ከሳቃ ወደ ሂርማታ ዞረ። ዛሬ ሳቃ የዚያን ጊዜ ዝናዋን የሚናገር ሰሌዳ የላትም፤ ያን የሚያህል ገበያ በነበረበት ሥፍራ አሁን የምትገኘው ትንሽ መንደር ናት። የሊሙ ዋና ከተማ የሆነችውም ሱንቱ ስሟ ተለውጦ ገነት ተብላለች። በቡና አገር ከተማ ስሙን መለወጡ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ላይ እናስተውላለን።

ሂርማታ ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከሚቀመጡበት ከጅሬን ኮረብታ በታች በሜዳው ላይ ይቆም ነበር። እኒህ ንጉሥ ከ1870 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ የገዙ ሲሆኑ፥ ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ስላዳኑ ገበያቸው ሳይፈርስ ቆየ። በገበያው ቀን እስከ 30,000 የሚደርስ ሕዝብ ይሰበሰብ እንደ ነበር ተጽፏል። አፍቃላ የሚባሉት የአገሩ እስላም ነጋዴዎች ቡናውን፥ ዝባዱን፥ የዝሆን ጥርሱን፥ ኮረሪማውንና ማሩን ያቀርባሉ፤ በምትኩ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር፥ ጨርቃ ጨርቅም ይቀበላሉ። የሰው ልጅም እንደ ሸቀጥ ይሸጥ ነበር። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ስለ ሰሌዳዎች መጥፋት የምናሰማው ኀዘን ሁሉ ሐሰት በሆነ ነበር፤ ስለ ባሮቹ የሚናገር ሰሌዳ አንድ ቀን እንኳ ተሰቅሎ አያውቅምና።

በዚያ ዘመን ታፔላ አልነበረም፤ ምልክት ግን ነበረ። በአገራችን ገበያ ሁሉ እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ተራ ስላለው፥ ጨው የፈለገ ወደ ጨው ተራ፥ ማር የፈለገ ወደ ማር ተራ ይሄዳል፤ ጠያቂ አይሻም፥ አንባቢም መሆን አያስፈልገውም። ጠላና አረቄ የምትሸጥ ሴት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በደጃፏ የተከለች እንደ ሆነ ያ ጣሳ ለዐላፊ አግዳሚው ሁሉ ከማናቸውም ጽሕፈት ይበልጥ ይናገራል። ይህ የጣሳ ሰሌዳ በየትናንሾቹ ከተሞች ዛሬም አልጠፋም። መንግሥት ሲለወጥም አልወረደም፤ በምን ቋንቋ ተጻፈ ብሎ የጠየቀውም የለም።

እንግዲህ ነገሩን በቅርብ ለማየት እንዲረዳን አንድ ቤት በሐሳባችን እናቁም። ይህ ቤት የማንም አይደለም፤ የብዙዎች ምሳሌ ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ፥ ፎቁ መኖሪያ፥ ከፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት ያለው፥ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ነው እንበል። ከጠላት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ዐረቦች፥ ሕንዶች፥ ግሪኮችና አርመኖች ወደ ቡናው አገር መጥተው ነበርና፥ የቤታችን የመጀመሪያ ባለ ሱቅ የየመን ዐረብ ይሁን። በኖራ በተለሰነው ግድግዳ ላይ ስሙን በዐረብኛ ፊደል በቀለም ጻፈ። በዚያን ጊዜ ከጅማ ነጋዴዎች መካከል ቁርኣን የቀሩት የዐረብኛን ፊደል ስለሚያውቁ ያነቡለታል፤ ያልቀሩት ደግሞ ጽሕፈቱን ሳይሆን ሰውዬውን ያውቃሉ። ይህ የመጀመሪያው ጽሕፈት ነው። በግድግዳው ላይ በቀጥታ እንደ ተጻፈ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢጣልያኖች ሲመጡ ጅማን የጋላና ሲዳሞ ብለው የሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። ይህን የሰየሙበትን ቃል የምንጽፈው በሰነዶቻቸው ላይ ስለሚገኝ ብቻ ነው፤ ቃሉ የኦሮሞን ሕዝብ የሚያዋርድ ስለ ሆነ ከዚያ በቀር አንጠቀምበትም። በአዌቱ ወንዝ ዳር በፕላን የተነደፈች ከተማ መሥራት ጀመሩ። በዘመናቸው ሕግ ነጭ ከጥቁር ተለይቶ መኖር ስላለበት የፈረንጅ ሰፈርና የአገሬው ገበያ ተለያየ። በአዲስ አበባም እንደዚሁ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አንሥተው የአገሬው መርካቶ አሉት። ስለዚህ ዛሬ ያለ ክፉ ሐሳብ የምንጠራው መርካቶ የሚለው ስም ሲወለድ የመለያያ ስም እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

የውጭ አገር ነጋዴም ቢሆን ከዚህ ቀንበር አላመለጠም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ትልቅ ንግድ የነበረው የሕንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ በ1929 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ለኢጣልያን ኩባንያዎች ሥፍራ ለማስለቀቅ ሲባል የሌላው ሰሌዳ ሲወርድ የታየበት ዘመን ነው። በምሳሌው ቤታችን ላይም በዐረብኛው ጽሕፈት ፊት የቆርቆሮ ሰሌዳ በምስማር ተመታ፤ የላቲን ፊደልም ተጻፈበት። ታፔላ የሚለው ቃል ከነዕቃው ወደ ጅማ የገባው እንደዚህ ባለ ጊዜ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጠላት እጅ ወጣች። የኢጣልያንኛው ሰሌዳ ወረደ። መውረዱም ተገቢ ነበር፤ የታሪክ መታሰቢያ ነውና ይቀመጥ ብሎ በዚያ ሰዓት የሚከራከር ሰው ቢገኝ ኖሮ እኛም አናመሰግነውም ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ የወረደው ቆርቆሮው ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ነጻ የወጣ ሕዝብ ጠላት የሠራውን ቤት አላፈረሰም፤ ገብቶ ነገደበት፥ ሰነዱን ጻፈበት፥ ልጁን አስተማረበት። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ከተማይቱ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ የቡናም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ በ1946 ዓ.ም. ከፍ ብሎ ስለ ነበር ጅማ፥ አጋሮና ሊሙ በጆንያ ተጨናነቁ። ጀንፈል በየሜዳው ተሰጥቶ፥ ተቀሽሮ፥ ተለቅሞ በከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። በየመንገዱ ዳር ቡና ገዥ፥ ወፍጮ ቤት፥ ሆቴል፥ ልብስ ሰፊ፥ ፎቶግራፍ ቤት ተከፈተ፤ ሰሌዳውም በዚያው ልክ በዛ።

የዚያ ዘመን ሰሌዳ የእጅ ሥራ ነው። ሠዓሊው ቆርቆሮውን በዘይት ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ ሲደርቅ በእርሳስና በክር ያሰምራል፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉን በብሩሽ ያወርዳል። የግዕዝ ፊደል ለብሩሽ የተመቸ ነው፤ እግሩን ማርዘም፥ ራሱን ማጕበጥ፥ በስተቀኙ ጥላ ማልበስ ይቻላል። ጎበዝ ሠዓሊ በእጅ ጽሕፈቱ ይታወቅ ስለ ነበር፥ ስሙን ባይፈርምም እንኳ የእገሌ እጅ ነው ተብሎ ይነገርለታል። በላይ በአማርኛ፥ በታች በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መጻፍ ልማድ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛ የመንግሥቱ ቋንቋ መሆኑን ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ፥ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሌላው ፈረንሳዊ ዦፍሬ የፈጸመው፥ የነጋዴው የንግድ ስም ከመደብሩ ሀብት እንደ አንዱ ተቈጥሮ በሕግ እንዲጠበቅለት አደረገ። ስለዚህ ሰሌዳው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጌጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ንብረት ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በነዚያ ባማሩ ሰሌዳዎች ላይ አንድ ነገር ጐድሎ ነበር። በሂርማታ ገዥውና ሻጩ፥ ከገጠር ቡና ጭኖ የሚመጣው ገበሬም፥ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ሲሆን፥ በሰሌዳው ላይ ኦሮምኛ አልነበረም ለማለት ያስደፍራል። ባለ ሱቁ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ በኦሮምኛ ይሸጣል፤ ከበሩ በላይ ግን በአማርኛና በፈረንጅኛ ይጽፋል። የአፍ ገበያና የጽሕፈት ገበያ በአንድ ደጃፍ ላይ ተለያይተው ኖሩ። ከተማውን ሁሉ ሰሌዳ ሲያለብሱት ሂርማታ የሚለውን ስም ያቆየው ሰሌዳ ሳይሆን አንደበት መሆኑም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮች ተወረሱ። የአንዱን ባንክ ሰሌዳ ብቻ ብንከተል ዘመኑን እናነብበታለን፤ አዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን ማኅበር የነበረው ከሌሎች ሁለት ጋራ ተዋሕዶ አዲስ ባንክ ተባለ፥ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። በአምስት ዓመት ውስጥ በአንድ በር ላይ ሦስት ስም ማለት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ታወጀ። በምሳሌው ቤታችን ላይ የነበረው የባለቤቱ ስም ወረደ፤ የኅብረት ሱቅ የሚል ቀይ ጽሕፈት ተተካ። ቡናውን ደግሞ የመንግሥቱ የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ይገዛ ጀመር። የወረደውን ሰሌዳ ባለቤቱ ጓዳ አስገብቶት ይሆናል፤ ወይም በዝናብ ጊዜ ለዶሮ ቤት ክዳን አድርጎት ይሆናል። በየቤቱ እንዲህ ያለ ዕቃ እንደሚገኝ እናምናለን፤ ጠይቆ የሰበሰበው ሰው ግን አላጋጠመንም።

ይህ ዐዋጅ ለያዝነው ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን ነው። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት በቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች እጅ ስለ ገባ፥ ሰሌዳ የሚሰቅለው ሰውና የግድግዳው ጌታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለያዩ። ተከራዩ ነጋዴ ስለ ግድግዳው አይጨነቅም፤ የእርሱ አይደለምና። አከራዩ መሥሪያ ቤትም ስለ ሰሌዳው አይጨነቅም፤ የእርሱ ጉዳይ ኪራዩ ነውና። በመካከል ምስማሩ ይመታል፥ ልስኑ ይፈረፈራል፥ በክረምት ውሃው በምስማሩ ቀዳዳ ገብቶ የጭቃውን ግድግዳ ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ባለቤት የሌለው ቤት ጠላቱ ብዙ ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የሰሌዳው ቋንቋም ተለወጠ። በጥቅምት ወር 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ በእኩልነት እንዲታወቁና ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን እንዲመርጡ ደነገገ። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ በአፍ ብቻ ይኖር የነበረው የሂርማታ ቋንቋ ከበር በላይ ወጣ። ዛሬ በጅማ አብዛኛው ሰሌዳ በኦሮምኛ፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይታያል። ይህ በእኛ አስተያየት ዕዳ መክፈል ነው። በላቲን ፊደል ስለ ተጻፈ ብቻ ከኢጣልያን ዘመን ሰሌዳ ጋራ የሚያመሳስሉትን ሰዎች ሰምተናል፤ ፊደሉ አንድ ቢሆንም የተጻፈው የአገሬው ሰው ቋንቋ፥ የጻፈውም የአገሬው ሰው ራሱ ስለ ሆነ ንጽጽሩ አይሠራም።

እንግዲህ አንባቢ እስከዚህ ከተከተለን የሰሌዳ መለወጥ ራሱ ክፉ ነገር ነው እንዳላልን ይረዳል። ከላይ ከቈጠርናቸው ለውጦች አንዳንዱ ቅሚያ ነበር፤ አንዳንዱም ቅሚያን ማስመለስ ነበር። ሁሉም ግን አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረብ ነበር እንጂ አሮጌውን ፍቆ አይጨርሰውም ነበር። ከቆርቆሮው በታች የቀለም ጽሕፈት፥ ከቀለሙ በታች ኖራ፥ ከኖራው በታች ሌላ ጽሕፈት ይቀር ነበር። በእንግሊዝ አገር ከተሞች ከብዙ ዓመት በፊት በጡብ ግድግዳ ላይ የተጻፉ የንግድ ማስታወቂያዎች ደብዝዘው ይታያሉ፤ የአገሩ ሰዎች የሙት መንፈስ ጽሕፈት ብለው ይጠሯቸዋል፥ የሚመዘግቧቸውና ፎቶግራፍ የሚያነሷቸው ወዳጆችም አሏቸው።

ዛሬ የመጣው ግን ሌላ ዐይነት ነው። በአንድ በኩል በመኪና የሚታተም ላስቲክ የእጅ ሠዓሊውን ሥራ አስቀረ፤ ፎቅን ከሰገነቱ ጋራ የሚሸፍን ማስታወቂያ በአንድ ቀን ታትሞ በማግሥቱ ይሰቀላል። የእንጨቱ ሰገነት ከኋላው ታፍኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ለብረቱ ክፈፍ ቦታ እንዲለቅ ይቈረጣል። በሌላ በኩል የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ አለ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ጅማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል። መንገዱ ሰፍቷል፥ የእግረኛ መሄጃውና መብራቱ አምሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን በአዲስ አበባ ፒያሳ ዙሪያ እነዶሮ ማነቂያ ሲነሡ ሰሌዳው ብቻ ሳይሆን ሰሌዳው የተሰቀለበት ግድግዳ፥ ግድግዳው የቆመበት መንገድ፥ መንገዱን የሚጠራው ሰውም አብሮ ተነሣ። ቀድሞ በየጊዜው አንድ አንድ እየሆነ ይለወጥ የነበረው ተራ፥ ዛሬ በአንድ ወር ከዳር እስከ ዳር ሊለወጥ ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ፥ ቍጥር 209፥ በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ከመሠራቱ በፊት የባለ ሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። የጅሬን ቤተ መንግሥት በዚህ ጥላ ሥር ነው። የመርካቶ ሱቅ ግን ማንም ቅርስ ብሎ ካልመዘገበው በስተቀር በዐዋጁ ዐይን ማንኛውም ቤት ነው። የነጋዴውን ስም ደግሞ የንግድ ሕጉ፥ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱም ጭምር፥ ይጠብቀዋል፤ የሚጠብቀው ግን በሥራ ላይ ያለውን ስም ነው፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ጥበቃውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሕጎች ግራና ቀኝ ቆመው በመካከላቸው ሰሌዳው ይወድቃል። የማዘጋጃ ቤት ሹም ፈቃድ ሲሰጥ የሚመለከተው የሰሌዳውን ስፋትና የቋንቋውን ቅደም ተከተል፥ የሚከፈለውንም ገንዘብ ነው፤ ከሰሌዳው ኋላ ምን አለ ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት አይመስለንም።

በጎረቤታችን በአሥመራ የሆነውን ማንሣት ይጠቅማል። ያች ከተማ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ የተመዘገቡላት ቤተ መንግሥቶች ብቻ አልነበሩም፤ ሲኒማ ቤቶች፥ ሱቆች፥ የነዳጅ ማደያም ነበሩባት። ሲኒማ ኢምፔሮ ስሙ በፊቱ ላይ እንደ ተጻፈ ቆሟል። ኢምፔሮ ማለት የወራሪው ግዛት፥ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ማለት ነው፤ ከዚህ የባሰ የቅኝ ገዥ ቃል አይገኝም። የአሥመራ ሰዎች ግን ስሙን ከመፋቅ ይልቅ የራሳቸው አደረጉት፤ ልጆቻቸው በዚያ ፊልም አዩበት፥ በደጃፉ ቡና ጠጡበት። ሁሉም አገር እንዲህ ያድርግ አንልም። ጅማ በ1933 ዓ.ም. ሌላ መንገድ መረጠች፤ ምርጫዋም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገሩን ያነሣነው የሱቅና የሲኒማ ቤት ግድግዳም ከተማይቱን የሚያስከብር ሀብት ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ከሐረር ጀጎል ብንማርም መልካም ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የከበረችው ስለ በሮቿና ስለ መስጊዶቿ ብቻ ሳይሆን ስለ ተራ መኖሪያ ቤቶቿም ነው። ጅማ ግን አሮጌ ነገር ሲባል ሁልጊዜ ወደ ጅሬን ኮረብታ ታመለክታለች፤ ቤተ መንግሥቱ ሊታይ የሚገባው መሆኑ እርግጥ ነው፤ ያን ቤተ መንግሥት ያቆመው ሀብት የተገኘው ግን ከኮረብታው በታች ከሂርማታ ነበር።

በነገራችን ላይ ጅማ ከጻፈቻቸው ሰሌዳዎች ሁሉ ሩቅ አገር የደረሰው በግድግዳ ላይ የተጻፈ አይደለም። ጅማ 5 የሚለው የደረቅ ቡና ደረጃ ነው። ሐምቡርግና ኒው ዮርክ ያሉ ቡና ገዥዎች ከተማይቱን ባያውቋትም በጆንያ ላይ ስሟን ያነቡ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቡናው በደረጃና በተመረተበት አገር ስም ስለሚሸጥ፥ የአቅራቢው የራሱ ስም ቀድሞ የነበረው ክብደት ቀነሰ። በአጋሮ ወይም በጅማ ቡና ገዥ እገሌ የሚል ሰሌዳ ለመታመን ያገለግል የነበረበት ዘመን ሲያልፍ ሰሌዳውን ለማሳመር የሚወጣው ገንዘብም ቀነሰ። አንድ ሰሌዳ የሚወርደው በመንግሥት ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ሲጨርስም ይወርዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አናመጣም። ነጋዴ ስሙን በቤቱ ላይ የመጻፍ መብት አለው፤ ቋንቋውን ሕጉ እንዳዘዘው ይጻፍ። በአሮጌው ሰፈር ግን ሰሌዳው ከሰገነቱ በታች ከበሩ በላይ ባለው ቦታ ተወስኖ ቢቀር፥ ምስማሩም በልስኑና በጌጡ ላይ ሳይሆን በእንጨቱ ላይ ወይም በድንጋዩ መጋጠሚያ ላይ ቢመታ ቤቱ ዕድሜ ያገኛል፤ ነጋዴውም የሚጎድልበት ነገር የለም። የማዘጋጃ ቤቱ የፈቃድ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቢጨመር፥ ማለት ከዚህ ሰሌዳ በፊት በዚህ ቤት ላይ የነበረው ጽሕፈት ምን ይላል? የሚል፥ በዐሥር ዓመት ውስጥ የመርካቶ ታሪክ በማዘጋጃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የወረደውን ቆርቆሮ ለብረት ለቃሚ ከመስጠት ይልቅ ለከተማው ሙዚየም መስጠትም ይቻላል፤ የንጉሡ ዕቃ በተቀመጠበት ቤት የልብስ ሰፊውም ሰሌዳ ቢቀመጥ የሚያሳፍር አይደለም። ይህን ሥራ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሊጀምሩት ይችላሉ። አንድ መንገድ መርጠው በየቤቱ እየገቡ፥ ይህ ሱቅ ቀድሞ ምን ይባል ነበር? ብለው አረጋውያንን ቢጠይቁ፥ ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ይማራል።

አሁን ወደ ምሳሌው ቤታችን እንመለስ። ሠራተኛው መሰላሉን አቁሞ አሮጌውን ሰሌዳ ሲያወርደው፥ ከበስተኋላው ፀሐይ ያልነካው ልስን በአራት ማዕዘን ሆኖ ከሌላው ግድግዳ ተለይቶ ይታያል። የኅብረት ሱቁ ቀይ ቀለም በአንድ ጠርዝ በኩል ቀርቷል። ከእርሱ ሥር፥ ኖራው በለቀቀበት በኩል፥ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ አንድ ጥቁር የቀለም መስመር አለ፤ መጀመሪያ የተጻፈው የዐረብኛው ስም መጨረሻ ነው። አዲሱ ሰሌዳ ታትሞ በጋሪ ላይ ተጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ይጠብቃል። አሮጌው ከወረደበት አዲሱ እስኪሰቀል ድረስ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው መገኘት ያለበት በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ነው።